ዳግማዊ ምኒልክ እና የእንጦጦ ግምጃ ቤት

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ (ነሐሴ 12 ቀን 1836 – ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.) ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ የሸዋ ገዥ፣ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ነበሩ። በብዛት የሚታወቁት በዓድዋ ድልና በአዲስ አበባ መቆርቆር ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የሚመለከተው በሀብትና በገንዘብ አያያዛቸው በኩል ሲሆን፣ በተለይም መናገሻቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ በነበረበት ዘመንና ከዚያ ቀጥሎ በመጣው ጊዜ ላይ ያተኩራል። ምኒልክ በእጃቸው የነበረውን ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ እህል፣ ጠብመንጃና ሠራዊት በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለአደጋ ባለማጋለጥ ይታወቃሉ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመቅደላ ዓመታት

ምኒልክ በሸዋ አንጎለላ ከንጉሥ ኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴና ከወይዘሮ እጅጋየሁ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወርሩ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞቱ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ።

በመቅደላ አሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩላቸው። ምኒልክ በዚያ አምባ ያዩት የአንድን ታላቅ ንጉሥ መነሣትና መድከም ነው። ቴዎድሮስ ዓመቱን ሙሉ ሲዘምቱ አንዱን አገር አስገብተው ሳይጨርሱ ሌላው ይሸፍት ነበር። ሠራዊቱ በየሄደበት ገበሬውን ስለሚበላ ገበሬው ይከዳቸው ጀመር፤ ግብሩም ይነጥፍ ነበር።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት በኩል ወደ ሸዋ ተሻገሩ። ሸዋን ይገዛ የነበረው በዛብህ ሊቋቋማቸው ቢሞክርም ሕዝቡ የአባታቸውን ስም አስታውሶ ተቀበላቸው፤ አንኮበርንም ያዙ።

ከመቅደላ ደጃፍ እስከ ልቼ

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ ጦር አስከትተው እስከ መቅደላ አጠገብ ደረሱ። ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ ደክመው ነበር፤ የእንግሊዝ ጦርም በባሕር በኩል እየመጣ ነበር። ሆኖም ምኒልክ ሳይዋጉ ተመለሱ። የእንግሊዝ ጦር ከወራት በኋላ መቅደላን ሲይዝ የሸዋ ሠራዊት ሳይዋጋ በቦታው ነበር። በዘመኑ እንደ ፍርሃት የቆጠሩት ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛው ተመሳሳይ ውሳኔ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ምኒልክ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጠሩ ነበር፤ በሰሜን ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም ዘውድ ደፍተው ነበር። ዮሐንስ ግብፆችን በጉንደትና በጉራዕ ድል ካደረጉ በኋላ ብዙ መሣሪያ ማርከው ስለነበር በ1870 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሲወርዱ የምኒልክ ጦር ሊመክታቸው የሚችል አልነበረም። ምኒልክ በልቼ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ። የንጉሠ ነገሥትነት ስማቸውን ተዉ፤ ግብር ለመክፈልም ተስማሙ። በለውጡ ዮሐንስ የሸዋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው።

በልቼ ምኒልክ ያጡት ማዕረግና የዓመት ግብር ነው። ያተረፉት ግን ሠራዊታቸውን፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚወስዱትን የንግድ መንገዶችና ጊዜን ነው። ቀጣዮቹ አሥራ አንድ ዓመታት ሀብታቸው ያደገባቸው ዓመታት ሆኑ።

እንጦጦና የግምጃ ቤቱ አሠራር

በ1870ዎቹ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ ደቡብ ምዕራብ እየገፉ በመጨረሻ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። ዛሬ ከጉለሌ እስከ የካ ክፍለ ከተማ ባለው የአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጠርዝ የተዘረጋው ይህ የተራራ ሰንሰለት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ አለው። ቦታው ለመከላከል የሚመች፣ የጥንት ነገሥታት መናገሻ ነበር የሚባልና ፍርስራሽም የተገኘበት ነበር። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ግን ኑሮን ያከብደው ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ብጡል በፍል ውኃ አካባቢ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ ቤተ መንግሥቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ይሁን እንጂ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

የዚያን ዘመን ግምጃ ቤት እንደ ዛሬው በአንድ መዝገብ የሚጠቃለል ገንዘብ አልነበረም። ሀብቱ በዓይነቱ ተለያይቶ ይቀመጥ ነበር። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ ግምጃውና መሣሪያው በበጅሮንዶች እጅ፣ እህሉ በጎተራ፣ ማሩና ቅቤው በጓዳ ይጠበቅ ነበር። ለትልቅ ክፍያ የሚያገለግለው ማርትሬዛ ብር፣ ለገበያ ዝርዝር የሚያገለግለው ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። በግብር መልክ የገባው እህልና ማር እዚያው በግብር አዳራሽ ለሠራዊቱና ለመኳንንቱ ይበላ ነበር። ወደ ባሕር ማዶ ተሸጦ መሣሪያ የሚያስገኘው ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው ነው።

ይህ ክፍፍል ትልቅ ጥቅም ነበረው። የዕለት ግብሩ የሚወጣው ከእህሉ፣ የጠብመንጃው ግዢ የሚወጣው ከወርቁና ከጥርሱ ስለነበር አንዱ ሲጎድል ሌላው ወዲያው አይነካም። ጓዳውን የሚቆጣጠሩት እቴጌ ጣይቱ በጥብቅነታቸው የታወቁ ነበሩ።

የሀብቱ ምንጭ

የእንጦጦ ግምጃ ቤት የሞላው በሸዋ ግብር ብቻ አይደለም። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ከሆኑ በኋላ የምዕራቡ የወርቅ፣ የቡናና የዝሆን ጥርስ ንግድ በሸዋ እጅ ገባ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር ተያዘች፤ የባሕር ንግድ ጉምሩክም ተገኘ። አርሲ፣ ወላይታ፣ ከፋና ሌሎችም አገሮች ተራ በተራ ተጨመሩ።

ይህ መስፋፋት በተሸናፊዎቹ ሕዝቦች ላይ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው የመሩት የወላይታ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ነው፤ ንጉሡ ጦና ተማረኩ፤ እጅግ ብዙ ከብትም ተዘረፈ። በተያዙት አገሮች ገበሬው በገባርነት ለነፍጠኛው ተመደበ፤ የባሪያ ንግድም በአዋጅ ቢከለከልም ቀጠለ። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ በጥንቃቄ የተያዘ ቢሆንም መነሻው ምንጊዜም የንጉሡ የራሳቸው ሀብት አልነበረም። በምኒልክ ታሪክ ላይ እስከ ዛሬ ያለው ክርክር አንዱ መሠረት ይኸው ነው።

የጠብመንጃ ግዢ

ምኒልክ መሣሪያ የሚገዙት ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የስዊዝ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ በታጁራና በዘይላ የሚነግዱ ፈረንሳዮች፣ የጣሊያን መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ፣ ኋላም ሩሲያውያን ሁሉም በየፊናቸው ያቀርቡ ነበር። አንዱ ዋጋ ቢያስወድድ ወይም በሩን ቢዘጋ ሌላው ክፍት ነው።

ከሻጮቹ አንዱ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነበር። በ1879 ዓ.ም. 2,000 ያህል አሮጌ ጠብመንጃዎችን ከታጁራ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ሸዋ አመጣ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዋጋውን አጥብቀው ተከራከሩ። የሞተው የራምቦ ሸሪክ ላባቱ የነበረበትን ዕዳ ከሒሳቡ ቀነሱ። የቀረውንም ጥሬ ብር ከግምጃ ቤታቸው ሳያወጡ፣ ራምቦ ሐረር ሄዶ ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል የክፍያ ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ቀረ። ምኒልክ ግን መሣሪያውን ሲያገኙ፣ ዋጋውን አዲስ ከተያዘችው ሐረር ገቢ አስከፈሉ።

በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገ ውል ጣሊያን 5,000 ረሚንግተን ጠብመንጃ ልትሰጣቸው ተስማማች። ጣሊያን የፈለገችው ከዮሐንስ ጋር ስትጣላ ምኒልክ ገለልተኛ እንዲሆኑላት ነው። ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ምኒልክ ከዮሐንስ ጋር አንድም ታላቅ ጦርነት ሳይገጥሙ ለዙፋኑ የቀረቡ ሆኑ።

የውጫሌ ብድር

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ደጃዝማች መኮንን ወደ ጣሊያን ሄደው ነበር፤ መስከረም 1882 ዓ.ም. በኔፕልስ ተጨማሪ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚህ ስምምነት ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ እንድትበደር ተፈቀደ፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ሆነ። ከብድሩ ትልቁ ክፍል የዋለው ለመሣሪያ ነው።

ይህ ውሳኔ ከምኒልክ ውሳኔዎች ሁሉ አደገኛው ሊባል ይችላል። የሐረር ጉምሩክ የባሕር ንግዱ በር ነበር፤ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር አበዳሪው በዚያ በር ላይ እጁን የሚያሳርፍበት ምክንያት ያገኛል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም እንዳለው፣ በጣሊያንኛውም ኢትዮጵያ በጣሊያን ጥበቃ ሥር እንደምትገባ የሚል መሆኑ ሲታወቅ አደጋው ይበልጥ ግልጽ ሆነ።

ምኒልክ ወዲያውኑ ወደ ጦርነት አልገቡም። ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ እየጻፉ ሦስት ዓመት ያህል ተከራከሩ፤ በዚያው ጊዜ መሣሪያ መሰብሰባቸውን አላቋረጡም። በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን ሲያስታውቁ ብድሩንም መልሰው ከፈሉ። መያዣው ተፈታ፤ ጣሊያንም በዕዳ ሰበብ የምትጠይቀው ነገር አልቀረላትም።

ክፉ ቀን

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» በሚባለው ረሃብ ውስጥ ነበረች። ከምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምችም ተጨመሩበት። ምኒልክ ዘውድ የደፉት በዚህ መከራ መካከል ነው።

ግምጃ ቤቱ በወርቅና በጥርስ ቢሞላም ወርቅ አይበላም። ጎተራው ተከፈተ፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ የመጡ ረሃብተኞችም ይመገቡ ጀመር። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ያለ በሬ ማረስ ነውር አለመሆኑን ለመኳንንቱና ለወታደሩ አሳዩ።

ከዚህ ዘመን የተገኘው ዘላቂ ለውጥ የአሥራት ሥርዓት ነው። ቀደም ሲል ወታደር በገበሬው ቤት ተመርቶ እየበላ ይኖር ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ በወጣ አዋጅ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ወደ መንግሥት ጎተራ እንዲያገባ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ ተደነገገ። አፈጻጸሙ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አልነበረም። ሆኖም ገበሬው የሚከፍለው እንዲወሰን፣ ንጉሡም ለዘመቻ ምን ያህል ስንቅ እንዳላቸው አስቀድመው እንዲያውቁ የታሰበ ነበር።

የዓድዋ ዘመቻ

መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራዊት ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ። ለእንዲህ ያለ ሠራዊት ዋናው ጠላት ረሃብ ነው፤ በአንድ ቦታ ከጥቂት ሳምንት በላይ ከቆየ አገሩን በልቶ ይጨርሳል።

ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ ድል ከተገኘ በኋላ በመቀሌ ምሽግ ላይ የተደረገው ጥቃት ሰው አስጨርሶ አልሳካ አለ። እቴጌ ጣይቱ የምሽጉ ውኃ እንዲያዝ መከሩ፤ የእሳቸው ወታደሮችም ምንጩን ያዙ። በውኃ ጥም የተጨነቀው ጦር እጁን ሰጠ። ምኒልክ ግን እነዚያን ወታደሮች አልፈጁአቸውም፤ ከነመሣሪያቸው ወደ ወገናቸው እንዲሄዱ ለቀቋቸው። ብዙ አዛዦች በዚህ ቅር ቢላቸውም ጉልበቱ ለዋናው ጦርነት ተቆጠበ፤ ለድርድርም በር ተከፈተ።

ቀጥሎ የሁለቱ ወገን ትዕግሥት ፈተና መጣ። ከ17,000 በላይ ወታደር የነበረው ጄኔራል ባራቲዬሪ ምሽጉን ይዞ የኢትዮጵያ ጦር ስንቁ አልቆ እንዲበተን ይጠብቅ ነበር። ስሌቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የምኒልክ ሠፈር ስንቅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ሆኖም የጣሊያን ጦርም ስንቁ አልቆበት ነበር፤ ከሮም የሚመጣው ግፊትም በረታ። ምሽጉን ትቶ ቀድሞ የወጣው ባራቲዬሪ ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በአንድ ቀን ድል ሆነ። በዚያ ጦርነት በመድፈኞቹ በኩል ስማቸው የገነነው ባልቻ ሳፎ የግምጃ ቤት ሹም፣ በጅሮንድ ነበሩ።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ መረብን ተሻግረው ኤርትራን ለመያዝ አልዘመቱም። ሠራዊቱ ደክሞ ነበር፤ ስንቅ አልነበረም፤ ከፊት ያለው አገርም በረሃብ የተጎዳ ነበር። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አወቀች፤ ለምርኮኞቹ አያያዝ ወጪም 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። ኤርትራ በጣሊያን እጅ ቀረች። ይህ ውሳኔ አስፈላጊ ጥንቃቄ ነበር ወይስ ያመለጠ ዕድል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አርባ ዓመት ሳይሞላ የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን የወረረው ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ መሆኑ ክርክሩን ያከብደዋል።

ለጋሲዮኖች፣ ባቡርና ባንክ

ከዓድዋ በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ መጡ። ምኒልክ ከእንጦጦ ግርጌ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ እርስ በርስ ለሚፎካከሩት መንግሥታት ሰፋፊ መሬት ሰጡ። የእንግሊዝ ኤምባሲ እስከ ዛሬ በዚያው አለ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሠፈርም ስሙን ያገኘው ከዚያ ዘመን ነው። መሬቱ ለግምጃ ቤቱ ብዙ አላስወጣም፤ ነገር ግን አንዱ መንግሥት ብቻውን እንዳይገን ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀመጠ።

በገንዘብ በኩል ሦስት ሥራዎች ይጠቀሳሉ። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ተመታ፤ ሕዝቡ ግን ማርትሬዛውን ስለለመደ አዲሱ ብር ቦታውን ሊወስድ አልቻለም። የባቡር መንገዱ ሥራ በኢልግ በኩል ለግል ኩባንያ በፈቃድ ተሰጠ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ገንዘብ አጥሮት ለዓመታት ቆመ። ኪሳራው የወደቀው በኩባንያው ላይ እንጂ በግምጃ ቤቱ ላይ አልነበረም፤ መዘግየቱ ግን የአገሪቱ ሆነ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ 500,000 ፓውንድ ካፒታል ነበረው፤ ለ50 ዓመት የሚቆይ ብቸኛ መብትም ተሰጠው። ባንኩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ፣ በዚያም በኩል በእንግሊዞች ተጽዕኖ ሥር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በውጭ ሰዎች የተያዘውን ባንክ ስላልወደዱት በ1901 ዓ.ም. እርሻና ንግድን የሚያግዝ አገራዊ የገንዘብ ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ።

ሕመምና የወራሽ ጉዳይ

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ከነዚሁ አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ሕመም ጀምሯቸው ነበር። ተደጋጋሚ የአንጎል ደም መፍሰስ ሰውነታቸውንና አንደበታቸውን ያዘ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆኑ ታወጀ።

በብዙ እጅ የተከፋፈለው ሀብት ሚዛኑ የሚጠበቀው በንጉሡ በራሳቸው ነበር። እሳቸው ሲተኙ የሚሾመው፣ የሚከፍለውና የሚፈርደው ማን እንደሆነ አጠያያቂ ሆነ። በስማቸው ሥራውን የያዙት እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. በመኳንንቱ ስምምነት ከሥልጣን ወረዱ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ጣይቱ ከዚያ በኋላ በእንጦጦ ኖረው የካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ። ኢያሱም ዘውድ ሳይደፉ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ።

ግምገማ

በገንዘብ አያያዝ ትምህርት ውስጥ መነሻ ሀብትን የመጠበቅ ደንብ የሚባል አለ። ነጋዴም ሆነ በካርታ ውድድር ገንዘቡን የሚያስይዝ የፖከር ተጫዋች ከመነሻ ሀብቱ ጥቂቱን ብቻ በአንድ ጊዜ ለአደጋ ያጋልጣል፤ ምክንያቱም ጎበዝ ሰው እንኳ ደጋግሞ ሊሸነፍ ይችላል፤ ሁሉን ያጣ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር መቅረብ አይችልም። የምኒልክ ሕይወት ይህን ደንብ በመንግሥት ደረጃ ያሳያል። በመቅደላ ደጃፍ፣ በልቼ፣ በመቀሌና በመረብ ወንዝ ላይ የተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ሠራዊቱና ሀብቱ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲተርፉ ያደረጉ ናቸው። ያላቸውን ሁሉ ይዘው የወጡት አንድ ጊዜ፣ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ነው፤ ያንጊዜም ዕዳቸውን ከፍለው፣ መሣሪያቸውን ከብዙ ወገን ሰብስበው፣ ሌላ ምርጫ ባልቀረበት ሰዓት ነበር።

የዚህ አያያዝ ጉድለትም በዚያው ልክ ይታያል። መነሻ ሀብቱ በከፊል የተገኘው በጦር ከተያዙ አገሮች ሕዝብ ጉልበት ነው። ሥርዓቱም በአንድ ሰው ብልሃት ላይ የቆመ ስለነበር ሰውየው ሲታመሙ የሚተካ ተቋም አልነበረውም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት ሲገዛና የኢትዮጵያ ባንክ ሲተካው፣ ከእንጦጦ የተጀመረው የግምጃ ቤት ታሪክ ወደ ተቋማት ዘመን ተሸጋገረ። በተራራው ላይ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ሙዚየሙና የቀድሞው ቤተ መንግሥት ቤቶች ዛሬም ይጎበኛሉ።